የማርቲ ድምፅ ማፈኛ

ስሜ ኦይቫ ራውታኮስኪ ነው። ሌፔኮስኪ ላይ ጠመንጃ፣ መረብና የሞተር መጋዝ እሸጣለሁ፤ ከሱቁ ጀርባ ብረት የምቀርጽበት አንድ ቶርኖ አለኝ። እነዚህ ደብዳቤዎች ስዊድን አገር ቬስቴሮስ ከሚኖሩት ከአክስቴ ልጅ ከእትዬ ሄልቪ ጋር የተጻጻፍናቸው ናቸው። ነጋዴ ነኝና የላክሁትን ነገር ቅጂ ሳላስቀር አልልክም። በመሃል በመሃል የየዕለት ማስታወሻዬን አስገብቻለሁ። ማርቲ የሚባለው የሄልቪ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሥራው ቧንቧ መግጠም ነው።

ቬስቴሮስ፣ ሴፕቴምበር 12፣ 1993

የእግዚአብሔር ሰላም ላንተና ለቤትህ ይሁን፣ ወንድሜ ኦይቫ።

እኔ በጌታ ቸርነት ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ይለግማል። በጭስ ያደረቅኸው ዓሣ ደርሶኛል። ፖስታ ቤቱን አሽትቶት ኖሮ ልጅቷ አፍንጫዋን ይዛ ነው የሰጠችኝ። ምን ታውቃለች እሷ! ሦስት ቀን ሙሉ ሌላ ነገር አልበላሁም።

ማርቲ በስንት ጊዜው ጻፈልኝ። ስለ ልጆቹ ሁለት መስመር፣ ስለ ትንሿ ጠመንጃው ሦስት ገጽ። ካንተ የገዛው ድምፅ ማፈኛ ከተገጠመላት ወዲህ ስትተኮስ ገጽ እንደመግለጥ ብቻ ነው የምትሰማው ይላል። ነገር ግን ጥይቶቹ ወደ ታች ወርደው ወደ ግራ ሄዱብኝ፣ ኦይቫ ደግሞ ይህ ጤና ነው አለኝ ይላል። እንዴት ነው ጤና የሚሆነው? እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ እጁ ላይ ያለውን ነገር ማወቅ እፈልጋለሁ። መጋረጃ ለምትሰፋ ሴት እንደሚነገር አድርገህ ንገረኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከካሌርቮ ጋር ነው የሚተኩሰው አሉ፣ የኩስታ ልጅ ሆኖ ቧንቧ አብሮት ከሚገጥመው ጋር። ደስ ብሎኛል። ማርቲ ዝምታ ያበዛል፤ የሚያስቀው ሰው ያስፈልገዋል።

እህትህ ሄልቪ

ሌፔኮስኪ፣ ሴፕቴምበር 20

የእግዚአብሔር ሰላም ለእርስዎም ይድረስ፣ እትዬ ሄልቪ።

ሁላችንም ደህና ነን። ድንቹ ገብቷል፣ ሐይቁ ገና አልቀዘቀዘም፣ ንግዱ እንደ ወቅቱ ነው።

ጥያቄዎ የደንበኞቼ ሁሉ ጥያቄ ነው፤ እነሱ ግን የሚጠይቁት ከገዙ በኋላ ነው። በአንድ ጫፉ ብቻ ግድግዳ ላይ የተተከለ የመጋረጃ ብረት ያስቡ። በጣት ቢመቱት ጫፉ ይርገበገባል። እጫፉ ላይ ክብደት ቢያንጠለጥሉበት አሁንም ይርገበገባል፣ ግን ዝግ ብሎ፣ በሌላ ልክ። የጠመንጃ አፈሙዝም ሲተኮስ እንዲሁ ነው። ጥይቷ የምትሄደው ጫፉ በወጣችበት ቅጽበት ወደ ዞረበት ነው። ማፈኛው ክብደት ስለሆነ የምትመታው ቦታ ይቀየራል። የትንሿ ጠመንጃ ጥይት ደግሞ ቀርፋፋ ናት፤ አፈሙዙ ውስጥ ትቆያለች፤ ስለዚህ ከትልልቆቹ ይልቅ በእሷ ላይ ነገሩ ጎልቶ ይታያል።

ቦታው መቀየሩ ጉዳት የለውም፤ ማነጣጠሪያውን መመለስ ነው። የአንድ ጠመንጃ ደግነት የሚለካው ምቶቹ እርስ በርስ በመጠጋጋታቸው ነው። የአንዳንዱ ሰው ጠመንጃ ማፈኛ ሲገጠምለት ይበትናል፤ የማርቲ ግን ከበፊቱ ይበልጥ ሰብሰብ ብሎለታል። የሚፈለገው ማፈኛው ከአፈሙዙ ትከሻ ጋር ብረት ለብረት፣ በመሃሉ ምንም ሳይገባ፣ ገጥሞ መቀመጡ ነው። ውስጡ ያሉት ቀዳዳዎች ከጥይቷ እምብዛም አይሰፉም።

ማፈኛው የሚጠመዘዝበትን የማርቲን ጠመንጃ ጥርስ በዚህ ቶርኖ ላይ ያወጣሁት እኔ ራሴ ነኝ። ሐሳብ አይግባዎ።

ታዛዥዎ ኦይቫ

ከማስታወሻዬ፣ ሴፕቴምበር 25

ማርቲና ካሌርቮ መጡ። ማፈኛው ጥቂት ከተኮሱ በኋላ እየላላ አስቸግሯቸዋል።

«በየመሃሉ በእጅህ አጥብቀው» አልኩት።

«እኔ ያጠበቅኩት ነገር ሲላላ የመጀመሪያው ነው» አለ ማርቲ።

ካሌርቮ ሳቀበት። «የመምህርቷን ቤት ረሳኸው? ምድር ቤቷ ውኃ ሞልቶ ጀልባ ልትነዳ ነበር እኮ!»

«እሱ ያንተ ሥራ ነው፣ አንተ ጉደኛ።»

«የኔ ሥራማ ጠብ አይልም።»

«ከእጃችሁ በቀር ምንም አይንካው» አልኩ። መስማታቸውን እንጃ፤ እየተገፋፉ ነበር የወጡት።

ኦክቶበር 2

ካሌርቮ ሞተ። ተኳሹ ማርቲ ነበር፣ እሱ ከኢላማው ጎን ከእንጨት ክምሩ ኋላ ቆሞ ምቱን ይጠራለት ነበር። ጥይቷ አንገቱን አገኘችው። የሚጮህ ጠመንጃ ቢሆን ማንም እዚያ አይቆምም ነበር። ድምፁ ሲጠፋ ሰው አደጋውም አብሮ የጠፋ ይመስለዋል። በዚህ ሸለቆ ያለው ተኳሽ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ አይቼም አውቃለሁ።

ቬስቴሮስ፣ ኦክቶበር 10

ሰላም ላንተ ይሁን፣ ኦይቫ።

የማርቲ ሚስት ራይሊ ደውላልኝ ነበር። የባሏን ነገር ስትነግረኝ ከኋላ ልጆቹ ሲያለቅሱ ይሰማኛል። ማርቲ ወደ ስልኩ አልመጣም። «የኢላማውን ጥቁር ነው ያነጣጠርኩት» ይላል አለች፤ ከዚያ ሌላ ቃል የለውም። ሰዎች ደግሞ ሲቀልድ ነው፣ ጓደኛውን ሊያስደነግጥ አስቦ ነው ይላሉ አሉ። ማርቲ! በልጅነቱ ዶሮ ሲታረድ ጋጣ ውስጥ የሚደበቀው ማርቲ!

አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ጠመንጃ ካነጣጠሩበት ሌላ ቦታ ሊመታ ይችላል? ጥቂት ወደ ግራ ማለቴ አይደለም። ሰው እስከቆመበት ድረስ።

ቶሎ ጻፍልኝ።

ሄልቪ

ከማስታወሻዬ፣ ኖቬምበር 3

ፖሊሱ ፔንቲላ ጠመንጃውን በዳቦ ከረጢት ጠቅልሎ አመጣው። ማፈኛው እንዳለ ነው፤ እሱ ሊፈታው ሞክሮ አልተቻለውም።

«አንተ ፍታልኝና ጨርሰን እንገላገል» አለ።

ሞርሳው ላይ አስሬ በመብራት አየሁት። ማፈኛው ከትከሻው ጋር አልገጠመም፤ በመሃል ቀጭን ክፍተት አለ፤ ከክፍተቱ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ቢጫ ክሮች ብቅ ብለዋል። ካናፓ ነው። ቧንቧ ሠራተኛ ውኃ እንዳያፈስ የቧንቧ ጥርስ ላይ የሚጠቀልለው ካናፓ፣ ከነቅባቱ።

«እኔ አልፈታውም» አልኩ። «ጥርሱን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ እጄ ባይነካው ይሻላል። ሄልሲንኪ ላሉት መርማሪዎች ላከው።»

«ይኼ እኮ ስንት ወር ይፈጃል!»

«ይፍጅ።»

ፔንቲላ ካናፓውን አላየውም። እኔም አላሳየሁትም።

ሌፔኮስኪ፣ ኖቬምበር 14

የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛልዎ፣ እትዬ ሄልቪ።

በመዘግየቴ ይቅርታ፤ የአደን ወቅት ነበር።

መልሱ አዎ ነው። ማፈኛው ከተንጋደደ ጥይቷ ስትወጣ የውስጡን ቀዳዳ ጠርዝ ትነካለች። ከነካች በኋላ ወዴት እንደምትሄድ ማንም አያውቅም፣ ተኳሹም ቢሆን። ማርቲ ጥቁሩን አነጣጥሬ ነበር ካለ አምነዋለሁ። ሲቀልድ ነው የሚሉትን ሱቄ ውስጥ አፋቸውን አስዘግቻለሁ።

ለምን እንደተንጋደደ መርማሪዎቹ ይነግሩናል። ካሌርቮን በደንብ ቀብረነዋል። ወላጆቹ ኩስታና ሂልያ ጸሎት ቤት ከፊት ወንበር ይቀመጣሉ፤ ማርቲ መምጣት ትቷል።

ኦይቫ

ቬስቴሮስ፣ ዲሴምበር 5

ሰላም፣ ኦይቫ።

ደብዳቤህን ብዙ ጊዜ አነበብኩት። የጻፍከውን ሳይሆን የተውከውን። «ለምን እንደተንጋደደ መርማሪዎቹ ይነግሩናል» ትላለህ። አንተ የማታውቀው ነገር ሆኖ ነው? ጥርሱን ያወጣኸው አንተ፣ የገጠምከው አንተ፣ የሸጥከው አንተ።

በፊት ወሬ ነበር የጠየቅኩህ። አሁን የምጠይቅህ ሌላ ነው። ጥርሱ ጠማማ ነበር በል። ሱቁ ኢንሹራንስ አለው፤ ልጆችህ አድገዋል፤ ቢበዛ ስምህ አንድ ክረምት ይታማል። ማርቲ ስድስት ልጅ አለው፤ ከእንግዲህ ቤቱ አስገብቶ ቧንቧ የሚያሠራውስ ማነው? ራይሊ ሌሊት ተነስቶ እጁን ይታጠባል አለችኝ።

እምቢ ካልክ እኔው ለዳኛው እጽፋለሁ። የናንተ ቶርኖ ካባትህ ዘመን ጀምሮ እንደሚንገዳገድ ሌፔኮስኪ ውስጥ የማያውቅ የለም። እንዲህ መጻፍ አልፈልግም። አንተ ነህ የምታስጽፈኝ።

ለገና ካልሲ ልኬልሃለሁ። ትልቁ ያንተ ነው።

ሄልቪ

ከማስታወሻዬ፣ ጃኑዋሪ 22

ማርቲን ሐይቁ ላይ አገኘሁት። በረዶውን ሰርስሮ፣ ባልዲ ገልብጦ ተቀምጦ ያጠምዳል።

«ዓሣ አለ?»

«አንተን ሲያይ የነበረውም ሄደ።»

«ማርቲ፣ የሄልሲንኪ መርማሪዎች ካናፓውን አግኝተውታል። የኔን ጥርስ ደግሞ ቀጥ ያለ ነው ብለዋል።»

«ፔንቲላ ነግሮኛል።»

«ምን ነካህ? ከእጃችሁ በቀር አላልኩም?»

ገመዱን ሳብ ለቀቅ አደረገ።

«እኔ አይደለሁም» አለ። «የዚያን ዕለት ጠዋት ካሌርቮ መኪና ውስጥ ጠቅልሎ ገጥሞ ሰጠኝ። ‹ከእንግዲህ ከላላ ቧንቧ ሠራተኛ አትበለኝ› አለኝ። እየሳቀ። የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች አንድ ቀዳዳ ውስጥ ነው የገቡት፣ ኦይቫ። እንደዚያ ተኩሼ አላውቅም። ‹ማርቲ፣ ና እይ!› ብሎ ከክምሩ ኋላ ብቅ አለ። እኔ ደግሞ ምላጩን ስቤዋለሁ።»

«ይህን ለፖሊስ ተናግረሃል?»

«ለፖሊስ? ሂልያ እኮ አሁን የቀራት ልጄ ምንም አላጠፋም የሚለው ብቻ ነው። እሱንም ልውሰድባት?»

«ልጆች አሉህ።»

«አሉኝ። አንተ ደግሞ ምንም አልሰማህም። እሺ ነጋዴው?»

ዝምታዬን እሺታ አድርጎ ወሰደው።

ሌፔኮስኪ፣ ጃኑዋሪ 30

የእግዚአብሔር ሰላም ለእርስዎ፣ እትዬ ሄልቪ። ካልሲው በልኬ ነው፣ አመሰግናለሁ።

የጠየቁኝን አላደርግም። ምክንያቴን ይስሙ። መርማሪዎቹ ጥርሱን ለክተው ቀጥ ያለ ነው ብለዋል፤ ጠማማ ነው ብዬ ብመሰክር ውሸታም መባል ነው የሚተርፈኝ፣ ማርቲም አይድንበትም። ለዚህ ሸለቆ ሰው ሁሉ ማፈኛ የሸጥኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የቶርኖው ነው ካልኩ ሰው የኔን ዕቃ ይጥልና ካናፓውን መጠቅለሉን ይቀጥላል።

የሆነው ካናፓ ነው። ቧንቧ የሚፈልገው እንዳያፈስ ነው፤ ጥቂት ቢንጋደድ ግድ የለውም። ማፈኛ የሚፈልገው እንዳይንጋደድ ነው፤ ቢያፈስ ግድ የለውም። ካናፓው መጀመሪያ ጠንክሮ ይዞት ስለነበር ምቶቹ ከወትሮው ይበልጥ ሰበሰቡ። ሲተኮስበት ስለጋለ ቅባቱ ለሰለሰ፣ ማፈኛው ወደ አንድ ጎን ዘመመ። ውስጡ በጥይት ተፍቋል።

አሁን የምጽፈው ለእርስዎ ብቻ ነው። የጠቀለለው ካሌርቮ ነው። ማርቲ ራሱ ነው የነገረኝ፤ ለልጁ ወላጆች ሲል ጥፋቱን በራሱ ላይ ሊያደርግ ቆርጧል። ለዳኛው ሊጽፉ ያሰቡትን ይተዉት ዘንድ ነው ይህን የነገርኩዎ። ደብዳቤውን እሳት ውስጥ ይጨምሩት።

ኦይቫ

ከማስታወሻዬ፣ ፌብሩዋሪ 18

ፍርድ ተሰጠ። በግዴለሽነት ሰው መግደል፤ እስራቱ ታግዶለታል። ዳኛው «ካናፓውን ማን ጠቀለለ?» ሲል ማርቲ «እኔ» አለ። እኔን የጠየቁኝ ስለ ጥርሱ ብቻ ነው። የተጠየቅኩትን መለስኩ።

ፌብሩዋሪ 27

ማርቲ ጸሎት ቤት መጣ። እንደ ሥርዓታችን ተነስቶ ኩስታ ፊት ቆመና «ኃጢአቴ ይቅር ተብሏል ብዬ ማመን እችላለሁ?» ሲል ጠየቀው። ሽማግሌው አንገቱን አቅፎ በኢየሱስ ስምና ደም ይቅር አለው። ሂልያም ተነሳች። ቤቱ በሙሉ አለቀሰ። ከዚያ በኋላ ማርቲ እንደ ሰው ሲበላ አየሁት።

ይህን ለሄልቪ መጻፍ አለብኝ። የመረቡ ጭነት ይራገፍና እጽፋለሁ።

ቬስቴሮስ፣ ማርች 6

የእግዚአብሔር ሰላምና ደስታ ላንተ ይሁን፣ ውድ ወንድሜ ኦይቫ!

ስለ ቶርኖው የተናገርኩትን ይቅር በለኝ። እውነቱን ስለሰጠኸኝ ጌታ ብድርህን ይክፈልህ። ከዚያች ቀን ወዲህ እንቅልፍ ተኛሁ።

እሳት ውስጥ ይጨምሩት ብለህ ነበር፤ ጨምሬዋለሁ። ግን እንዲህ ያለ ነገር ታውቆ እንዴት ይታፈናል? ወንድሜ ያላደረገውን ተሸክሞ ሲጎብጥ ዝም ብዬ ልይ? ለኩስታና ለሂልያ ጻፍኩላቸው። በፍቅር ነው የጻፍኩት፤ አንድም የሚያስቀይም ቃል የለበትም። ካሌርቮ ለደግ ብሎ እንዳደረገው፣ ማርቲም ለእነሱ ብሎ እንደደበቀ ነገርኳቸው። ከማን እንደሰማሁም ገልጫለሁ፣ እንዲያምኑኝ። አሁን ማርቲን እንደ ልጃቸው ያዩታል፤ እርግጠኛ ነኝ።

በሰኔ እመጣለሁ። ለራይሊ ልጆች መጋረጃ እየሰፋሁ ነው፣ ሰማያዊ። ሁሉም ነገር እንዴት እንደሆነ ቶሎ ጻፍልኝ።

የምትወድህ ሄልቪ

ሌፔኮስኪ፣ ኤፕሪል 24

የእግዚአብሔር ሰላም ለእርስዎ፣ እትዬ ሄልቪ።

እንዴት እንደሆነ ጠይቀውኛል።

ደብዳቤዎ ከመድረሱ በፊት ኩስታና ሂልያ በጉባኤው ፊት ማርቲን ይቅር ብለውት ነበር። ይህን ቀድሜ አልጻፍኩልዎም። ደብዳቤዎ የደረሰ ዕለት ኩስታ በእግሩ ማርቲ ቤት ሄደ። ራይሊ በር ላይ ሆና ሰምታለች። ሽማግሌው ስለ ልጁ ይቅርታ ሊጠይቅ ነበር የመጣው። ማርቲ «እህቴ ተሳስታለች፣ የጠቀለልኩት እኔ ነኝ» አለው። አንዴ ሳይሆን ደጋግሞ። ሽማግሌው «ማልልኝ» ሲለው ግን አልማለም። እኛ በእምነታችን አንምልም፤ ያንን ኩስታም ያውቃል። ያም ሆኖ ጠየቀው።

በማግስቱ ኩስታ ወደኔ መጣ። ኮፍያውን አላወለቀም።

«ኦይቫ፣ ካናፓውን አይተሃል።»

«አይቻለሁ።»

«የማን እጅ ነው?»

«የቧንቧ ሠራተኛ እጅ ነው። ካናፓ ከዚያ በላይ አይናገርም።»

«ሄልቪ ከኦይቫ ሰማሁ ትላለች።»

«ሄልቪ ወንድሟን ትወዳለች» አልኩት።

እንዲህ ነው ያልኩት፤ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት ብዬ ነው የምጽፍልዎ።

ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ቆየ። ደንበኛ ገብቶ ወጣ። ከዚያ «ማርቲ እኔ ነኝ ይላል፣ እህቱ ልጅህ ነው ትላለች፣ አንተ ደግሞ ዘይት እንደቀቡት ታልፋለህ» አለኝ። «እኔ ያን ሁሉ ሰው ሰብስቤ ይቅር ያልኩት ታዲያ ማንን ነው? ልጄ ከሆነ ጥፋቱ፣ እሱን ማን ይቅር ይለዋል? ተነስቶ አይጠይቅ።»

ያን ብሎ ወጣ።

አሁን ኩስታ ከኋላ ወንበር ይቀመጣል። ሂልያ ከቤት አትወጣም፤ የካሌርቮን ፎቶ ከግድግዳው አውርዳዋለች አሉ፤ እኔ አላየሁም። ማርቲና ሽማግሌው ሲገናኙ ሰላም አይባባሉም፤ የተቀያየሙ ሆነው ሳይሆን ከሰላም በኋላ የሚሉት ስለጠፋቸው ይመስለኛል። ማርቲ ኖርዌይ ሰሜን ሥራ ተቀብሏል። ራይሊና ልጆቹ ትምህርት ሲዘጋ ይከተሉታል። ጠመንጃውን ፖሊስ ሲመልስለት ወደ ሱቄ አምጥቶ ቁረጠው አለኝ፤ ቆረጥኩት።

በሰኔ አይምጡ። ይህን እንድጽፍልዎ የነገረኝ ማርቲ ነው። ሰማያዊውን መጋረጃም አይላኩ፤ ቤቱን የሚረከቡት ሰዎች የራሳቸው አላቸው።

«ሰላምታስ?» ብዬ ጠይቄው ነበር። በሩን እንደያዘ «ጻፍላት» አለኝ፤ ምን ብዬ እንደምጽፍ ግን ሳይነግረኝ ወጣ። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ከኔ ብቻ ነው።

ኦይቫ